ባቡር የሚያመልጠው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት ከጎተራ ወደ ለገሃር የተሳፈርኩበት ታክሲ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ሰዎች ቀልድ ይተላለፋል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አባቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ ካዛንቺስ ነበር የምንኖረው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለገሃር የባቡር ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ግላኮማ ደግሞ ዓይኑን ጨርሶ ወስዶበታል። ሳምንቱን ዝም ብሎ ይቀመጥና እሑድ ከሰዓት ይነቃል። በሬዲዮ አንድ ኮሜዲ ነበር፣ የባቡር መስመር ላይ ስላለች ትንሽ ከተማ። ጋሽ ድንቁ የሚባል ሰውዬ እናቱን ሊጠይቅ ትኬት ይቆርጣል፤ በየሳምንቱ ግን አንድ ጉድ ይገጥመውና ባቡሩ ያመልጠዋል። አንዴ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ራሱን ላጭቶት ለቅሶ ሄደ። አባቴ፣ “ልክ እንደኛ አገር ሰው!” እያለ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

አንድ ክረምት ዝግጅቱ ድንገት ተቋረጠ። ለአባቴ መንገር አቃተኝ። “እዚህ ጥርት አድርጎ ይይዛል” ብዬ ሬዲዮኑን ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ አስገባሁት። የጋሽ ድንቁን ጨዋታ እኔ ጻፍኩ፤ አብራኝ እንድታነብ ጎረቤቴን ሰላምን ለመንኳት። ትንሽ ዘፈን እናሰማና ሬዲዮኑን አጥፍተን፣ ድምፃችንን ለውጠን እናነባለን። ሰላም ድምጿን አወፍራ ጋሽ ድንቁን ስትሆን፣ እኔ የቀረውን ከተማ ሁሉ ነበርኩ። አባቴ ሳቀ።

በሦስተኛው እሑድ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስናነብ፣ የሰፈሩ ልጆች “መብራት መጣ!” ብለው ጮኹ። ለካ ሄዶ ኖሯል! ሬዲዮናችን ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ሰላም ወረቀቱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

“ቀጥሉ እንጂ” አለ አባቴ ከሳሎን። “ባቡሩ ገና አልመጣም።”

ሰላም ስትሄድ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?”

“ከመጀመሪያው ቀን። የአንቺን ድምፅ ላጣው ነው?” እጄን ያዘና፣ “አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ” አለኝ። “ሰውየውን እናቱ ቤት አድርሺው። የኔ እናት ስትታመም፣ ነገ ዛሬ ስል ሞተች። ለስንቱ ሰው ትኬት ቆርጬ፣ እኔ ሳልደርስላት ቀረሁ።”

“እሺ አባዬ” አልኩት።

ስጽፍ ግን መሃል ላይ ፈራሁ። ጋሽ ድንቁ ከደረሰ ጨዋታው አለቀ። ከዚያ ወዲያ አባቴ እሑድን ምን ብሎ ይጠብቃል? ፍየል ትኬቱን እንድትበላበት አደረግኩ።

አባቴ አልሳቀም። “ግድ የለም፣ በሚቀጥለው እሑድ ይሄዳል” አለ። ሐሙስ ጠዋት ፍርፍሩን ይዤለት ስገባ ብጠራው፣ ብነካው አልነቃ አለኝ።

ሰላም ዛሬም በስልክ ስናነሳው፣ “አሳቅሽው እኮ” ትለኛለች። እኔም ለብዙ ዓመት፣ ትኬቱን ለፍየል ያስበላሁት ለእሱ ብዬ ነው እል ነበር። አሁን እኔም ዕድሜው ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። እሱ ደክሞት ነበር፤ መድረስ ነበር የፈለገው። ጨዋታው እንዳያልቅ የፈራሁት እኔ ነኝ።