ሰባ ዓመት የተቆለፈበት ሙሾ

የእናቴ ሙት ዓመት ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ድምፅዋን ኢንተርኔት ላይ ጫንኩት። አባታችን የሞተ ጊዜ ሙሾ ስታወርድ በስልኬ የቀዳሁት ነው። በተዝካሩ ዕለት አዳራሽ ውስጥ እናሰማዋለን፣ በየከተማው ያለው ዘመድም ይሰማዋል ብዬ ነበር። ሰዓት ሳይሞላው ከኢንተርኔቱ ላይ አነሱት። ምክንያቱ በዕብራይስጥ ተጽፎ መጣልኝ፦ ግጥሙም ዜማውም ባለቤት አለው። የባለቤቱን ስም ሳነብ የእናቴ ልጅ ነው። ታናሽ ወንድሜ፣ እዚሁ አሽዶድ፣ ሮቫ ሄ የሚሉት ሰፈር፣ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቦታ የሚኖረው።

የሙሾ ባለቤት። እናቴ ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሽዶድ ውስጥ ሰው ሲሞት መጥተው የሚወስዷት እሷን ነበር። እሷ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፤ አንዴ ከተቀበሉት የሁሉም ነው። ለአባቴ ያወረደችው እንዲህ የሚል ነበር፦

ያን ሁሉ ተራራ በእግሩ የጨረሰ፣
ከባሕሩ ዳር ሲደርስ ምነው ተመለሰ።

በዓመቱ ሌላ ከተማ ልቅሶ ስንደርስ አንዲት የማናውቃት ሴት ይህንኑ ለባሏ ስታወርደው ሰማን። እኔ ተናደድኩ። እናቴ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ከሴቶቹ ጋር ተቀበለቻት።

ወንድሜ ሙዚቃ ያቀናብራል። ስደውልለት አልካደም።

"እንዳይሰርቁን ብዬ ነው፣ አሖቲ፣ እህቴ" አለኝ። "ከበሮ ጨምሬበት ለሠርግ አውጥቼዋለሁ። የኔን ቅጂ አሰሚያቸው።"

የአባታችን ሙሾ፣ ለሠርግ። በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ እንብላው እንብላው ይላል ሲባል እሰማ ነበር፤ ከኛ ቤት ይወጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሰደብኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር፤ የገዛ ወንድሜ መሆኑ አንገበገበኝ።

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ጠበቃዋ የኛው ልጅ ናት፣ እዚህ የተወለደች።

"ዶዳ፣ ያለ እሱ ፈቃድ አዳራሽ ውስጥም አይቻልም" አለችኝ፣ እንደ አክስቷ ቆጥራ። "ግን ለዘላለም አይደለም። አንዳንድ አገር ሕገ መንግሥቱ ራሱ 'ለተወሰነ ጊዜ ብቻ' ይላል። እኛ አገር ሕገ መንግሥት የለም፣ ሖክ፣ ተራ ሕግ ነው ያለን። ሖኩ ደግሞ ገጣሚው ከሞተ በኋላ ሰባ ዓመት ይላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ የሕዝብ ይሆናል።"

"የቱ ሕዝብ?" አልኳት። የልጄ ልጆች የሚያውቁት አማርኛ "ና"ና "ብላ" ነው። ሰባ ዓመት ጠብቀው ቢከፍቱላቸው ምኑን ይሰሙታል? ጠበቃዋ ራሷ ግማሹን የነገረችኝ በዕብራይስጥ ነው።

ከዚያ ወንድሜ የላከላትን ወረቀት ዘረጋችልኝ። እናቴ መብቷን በሙሉ ለእሱ አሳልፋ ሰጥታለች ይላል። ከሥሩ ፊርማዋ አለ፤ በእርጅናዋ ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብታ የለመደቻቸው ሦስት ጠማማ የዕብራይስጥ ፊደላት። ፊርማውን ሳየው ቀኑ ትዝ አለኝ።

በኛ ቤት ዕብራይስጥ የሚያነበው ልጅ ነው። ከአገራችን ከመጣን ጀምሮ የባንኩንም የትምህርት ቤቱንም ወረቀት የማነበው እኔ ነበርኩ። አንብቤ ጣቴን አኖራለሁ፣ እናቴ ጣቴ ካለበት ላይ ትፈርማለች። ያን ቀን ወንድሜ "ድምፅዋን ለማስታወሻ ለማስቀመጥ ነው፣ አስፈርሚያት" ብሎ ወረቀቱን ሰጥቶኝ ሄደ። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር። ሳላነበው ጣቴን አኖርኩ።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"ምንም አይልም እማዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ" አልኳት። ፈረመች።

በተዝካሩ ዕለት ሮቫ ዳሌት ያለው አዳራሽ ሞላ። ወንድሜም መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። የእናቴ ባልንጀራ የነበሩ አሮጊት "በይ እንጂ ልጄ፣ ድምፅዋን አሰሚን" አሉኝ። ተከልክሏል፣ ሰባ ዓመት መጠበቅ አለብን አልኳቸው።

"ሰባ ዓመት ማን ሊጠብቅሽ ነው?" አሉና ራሳቸው አወረዱት። ሴቶቹ ተቀበሉ። ከእነሱ መሃል በዕድሜ ከእኔ የምታንስ አንዲትም አልነበረችም። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፣ ይድፋ።

እኔ ግን መቀበል አቃተኝ። ጆሮዬ ላይ የነበረው የእናቴ ድምፅ ሙሾው አልነበረም። "ምን ይላል?" ያለችኝ ነው።