ቀላል የተባለው ሌፕቶን

ሸዋ ሮቢት ፊዚክስ ሳስተምር፣ አንድ ሱፐርቫይዘር ከደጋ ወርዶ ክፍሌን ሊገመግም መጣ። ካወለቀው ሥልጣኑም አብሮ የሚወልቅበት ይመስል፣ በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮቱን እንደለበሰ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የዕለቱ ትምህርት ስለ ሌፕቶን ነበር፤ ኤሌክትሮን የሚመደብበት የጥቃቅን ቅንጣቶች ቤተሰብ ነው። ተማሪዎቼን "ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ቀጭን፣ ቀላል ማለት ነው" አልኳቸው። "ስሙ ሲወጣ የሚታወቁት ቀላሎቹ ነበሩ። በኋላ ግን ታው የሚባል፣ ከፕሮቶን እንኳ የሚከብድ ሌፕቶን ተገኘ። ስሙን የቀየረው የለም።"

ሱፐርቫይዘሩ ብድግ አለ። "መምህር፣ ልጆቹን አታደናግር። ቀላል ከተባለ ቀላል ነው።"

ፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ ታዲያ ይህንን ለታው ማን ይንገረው?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ላቡን ጠረገ፤ ኮቱን ግን አላወለቀም።

ነገሩ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው የጂኦግራፊ ሰው ናቸው፤ ጠብ አይወዱም፣ አለቃ ማስቀየም ደግሞ ጭራሽ አይሆንላቸውም። "ፈተና ላይ ሌፕቶን ቀላል ይሁን" ብለው ፈረዱ። "ከፈተና ውጭ እንደፈለገ ይክበድ።" ሱፐርቫይዘሩ በፍርዱ ረክቶ፣ "ተማሪ ያደናግራል" የሚል ግምገማ ጽፎልኝ፣ ወደ ጣርማ በር በሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈረ።

በፈተናው ያቺው ልጅ እንዲህ ብላ መለሰች፦ "ሌፕቶን ማለት ቀላል ማለት ነው። ከባድም አለው፤ አለቆች ግን ገና አልሰሙም።"

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።