ንጹህ የተባለው ልቤ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ወጣቱን እየለቀመ በሚወስድበት ሰሞን። ዛሬም ዳገት በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሰላ ውስጥ በአንድ ጤና ተቋም መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። በዕርዳታ አንድ ኮምፒዩተር ሲመጣልን፣ አዲስ አበባ አጭር ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የልብ ምርመራ ወረቀቶችን የሚይዝ ፕሮግራም እንድሠራ ታዘዝኩ። ወረቀቱ ላይ የተሳለውን የልብ ምት መስመር ከፍታና ዝቅታ በማስመሪያ እየለካሁ ቁጥሩን ሳስገባ፣ የበሽተኛው የልብ ምት ከነስሙ ስክሪኑ ላይ ተስሎ ይወጣል።

የልብ መመርመሪያው ላይ የሚሠራው ታምሩ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። "ኦቦሌሳ" ነበር የሚለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ከመምጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት "ልለማመድብህ" ብሎ የልቤን ምት በመመርመሪያው አነሳኝና "ንጹህ ነው" ብሎ ግማሹን ወረቀት ቀዶ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ወደ ጭላሎ ተራራ ስንወጣ ደረቴን ሲይዘኝ፣ "ብርድ መቶህ ነው" ይለኝ ነበር።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ የሞከርኩት በዚያች ወረቀት ነው። ከሳምንታት በኋላ የታምሩን ታናሽ ወንድም የግርማን ወረቀት ሳስገባ ያው የእኔው ቅርጽ ወጣ። ግርማ በልብ ሕመም ከውትድርና የቀረ ልጅ ነው። የእኔን ወረቀት አምጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት። የተቀደዱት ጫፎች ገጠሙ፤ መስመሩ ከእኔ ወረቀት ወደ ግርማ ወረቀት ሳይቋረጥ አለፈ።

ታምሩን ጠርቼ አሳየሁት። ቁጭ አለ።

"አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፣ ማን ይወስድሃል? ግርማን ግን ያንተ ወረቀት ባይኖር ግንባር ይልኩት ነበር" አለኝ።

"ወረቀቱን መውሰድህስ ግድ የለም። መታመሜን ለምን አልነገርከኝም?"

"ሐኪም ጋ ከሄድክ ሌላ የልብ ምርመራ ትነሳለህ። ያንተንና የግርማን ያየ ሰው ይነቃብናል ብዬ ፈራሁ።"

ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ልጁን ይወስዱታል። ዕቃዬን ሰብስቤ ከቤቱ ወጣሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ስመረመር ሐኪሙ፣ "እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለኝ። አንዱ የልቤ ቫልቭ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ያለ መድኃኒት አልውልም።

ግርማ አሁን ሳጉሬ ከተማ እህል ይነግዳል፤ የልጆች አባት ሆኗል። ሲያገኘኝ "ጋሼ" እያለ አገላብጦ ይስመኛል። የማን ወረቀት እንዳተረፈው አያውቅም። በመትረፉ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ታምሩ ጠይቆኝ ቢሆን ወረቀቱን ራሴ እሰጠው ነበር። ታምሩን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ። ከዚያ በላይ ግን ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።