የጨረር ቆጣሪው ዋስ

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ማታውን ስንቀጠቀጥ እህቴ የደብረ ብርሃን ብርድ መስሏት ጋቢ ደረበችልኝ። እኔ የፈራሁት የዋስትናውን ወረቀት ነበር። መንግሥት ፊዚክስ እንድማር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲልከኝ፣ ሳልመለስ ብቀር የሚጠየቅልኝ ዋስ አምጣ ብሎኛል። አባቴ ሞቷል፤ ዘመዱ ሁሉ ሰበብ አበዛ። ዋስ የሆኑኝ የአባቴ ወዳጅ፣ የአልዩ አምባው ነጋዴ አባባ ሙሄ ናቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙና "ኢንሻአላህ ተምረህ ትመጣለህ" አሉኝ። እኔም እመጣለሁ ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው።

እዚያ የገባሁበት ቤተ ሙከራ ለጠፈር መንኮራኩር የጨረር መለኪያ ይሠራል። መለኪያዋ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ ናት፤ ከፀሐይ የሚወረወር ቅንጣት ሲመታት ትቆጥራለች። የኔ ሥራ ምን ልበላችሁ፣ እሷን ማሰቃየት ነበር። አግላታለሁ፣ አቀዘቅዛታለሁ፣ በደብረ ሲና መንገድ እንደሚወርድ የጭነት መኪና አንገጫግጫታለሁ፣ ጨረር አዘንብባታለሁ። ምንም ሳይመታት የምትቆጥረዋን እንጥላለን። አለቃዬ "ይቺ ፈሪ ናት፣ ለጠፈር አትሆንም" ይል ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ የሚዘለውን ቢያይ እኔንም በጣለኝ።

በሦስተኛው ዓመት አብሮኝ የሚማር ልጅ ለዕረፍት አገር ቤት ገባ። የበላው ጅብ አልጮኸም። ቀጥሎ ኤምባሲው እኔን ጠራኝ። የውጭ አገር ተማሪ በፓስፖርቱ ማለፍ ይችል ስለነበር፣ በማግስቱ ባቡር ተሳፍሬ ወደ ምዕራብ በርሊን ተሻገርኩ። ባቡሩ ውስጥ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነው፤ አባባ ሙሄ ትዝ ያሉኝ ከወረድኩ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

"ሥራህ?" አለኝ የስደተኞች ጉዳይ ሹሙ።

"ለጠፈር መንኮራኩር የጨረር መለኪያ እሠራለሁ።"

"ከኢትዮጵያ?"

"አዎ።"

"ግብርና" ብሎ ጻፈ።

ደግነቱ ያንኑ ሥራ እዚያም አገኘሁ። ቤት አከራዬ፣ አንዲት አሮጊት፣ ሥራዬን ስትሰማ ሸሚዜን ከልብሷ ጋር እንዳላሰጣ ከለከለችኝ። "ጨረሩ ይጋባብኛል" አለች። እኛ አገር ቡዳ ነው የሚፈራው፤ እዚህ እኔ ሆንኩ። በርበሬ ያልነካውን ድንቿን እየበላሁ፣ ጎረቤት እንኳ ዝር በማይልበት ቤት ስለ አባባ ሙሄ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በመጨረሻ ለእህቴ ጻፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ብርሃን ቴሌ ሄደሽ ስልኬን ጠብቂ፣ የአባባ ሙሄን ነገር ንገሪኝ አልኳት። ደብዳቤ እየተከፈተ እንደሚነበብ እያወቅሁ! አእምሮ ይስጠኝ እንጂ ምን እላለሁ።

ቅዳሜ ደወልኩ። ያነሱት ራሳቸው አባባ ሙሄ ናቸው።

"ልጄ፣ ደህና ነህ? ጤናህስ?"

"አባባ፣ እርስዎ እንዴት መጡ? እህቴስ?"

"ደህና ናት፣ ቤቷ ናት። እኔን ከእስር ቤት ነው ያመጡኝ። ደብዳቤህን አይተውታል። ሁለት ካድሬዎች አጠገቤ ቆመዋል። ና በለው፣ ከመጣ ትፈታለህ ብለውኛል።"

እመጣለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። አላልኩም። ፈራሁ።

"ትሰማኛለህ?" አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ። "ና በለው ነው ያሉኝ። እኔ ግን ወላሂ አልልህም።"

አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ መስመሩም ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ። የቴሌዋ ሠራተኛ ቀስ ብላ "ሽማግሌውን ይዘዋቸው ሄደዋል፤ የሚያነጋግርዎ ሰው የለም" አለችኝ።