«ብዙ ነን» ያልኩበት ነጭ ዓሣ

እሁድ ከሰዓት ነው። ጫሞ ዳር ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ዘንጌን በሁለት እጄ ይዣለሁ... ከክሩ ማዶ ያለው ነገር ደግሞ እኔን ይዞኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የተመደብኩ የሃያ አራት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ሲቀላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስምንት ወር ኖሬያለሁ። በስምንት ወር ውስጥ በሬን ያንኳኳ አንድም ሰው የለም።

ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጊዜው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ዘመድ የሌላት፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት... «የማን ጆሮ ትሆን?» ትባላለች። የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ወዲያው ወደ ዝናብና ወደ ጠመኔ ይዞራል። እኔም ብሆን እነሱን እፈራ ነበር።

ስለዚህ እሁድ እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ሲያልቅ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ ዝዋይ ይሠራ በነበረ ጊዜ። ዘንጉም የሱ ነው። ለመብላት ብዬ አይደለም፤ ትንሽ ቆሮሶ ከያዝኩ መልሼ እለቃታለሁ። ብቻ ውሃ ዳር ዘንግ ይዞ የቆመ ሰው፣ ሰው ያጣ አይመስልም።

ጋሽ ቶማን የማውቃቸው እዚያ ነው። መረብ የሚጥሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ የጋሞ ሰው ናቸው። ለብዙ ወር ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። መጋቢት ላይ ግን አንድ ቀን ዘንጌን አይተው ሳቁ።

«አሁን የሚመጣልሽ ትንንሹ ነው። ሚያዝያ ይግባ፣ ኩልፎ ወንዝ ይሙላ። ያኔ አምባዛው ወደ ረግረጉ ይወጣል፣ ቆሮሶው ዳር ዳሩን ይይዛል። ነጭ ዓሣው ደግሞ ቆሮሶውን ሊበላ ከጥልቁ ይመጣል። ትልቁን የምታዪው ያኔ ነው።»

ጠበቅሁ። የምጠብቀው ነገር ማግኘቴ ራሱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ወንዙ ቀይ አፈር ይዞ ወርዷል። ያን እሁድ መንጠቆው ላይ ትንሽ ቆሮሶ ሰክቼ ወረወርኩ... ብዙም ሳልቆይ ዘንጉ እስኪጎብጥ ተሳበ። ክሩ ጣቴን ቆረጠው። ሳላስበው ወደ ውስጥ እየገባሁ ነው።

«ውጪ! ከውሃው ውጪ! አዞ አለ!»

ጋሽ ቶማ መረባቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ።

«ክሩን ቁረጪው!»

«አልቆርጥም!»

እያለቀስኩ ነበር። ለምን እንደማለቅስ አሁንም በደንብ አላውቅም። ክንዴን ይዘው ወደ ደረቁ ጎተቱኝ። ከዚያ ግን ዘንጉን አልቀሙኝም፤ ከኋላዬ ቆመው አብረውኝ ያዙ። ሲስብ እንለቅለታለን፣ ሲደክመው እንስበዋለን... እጃችን ዝሎ ዓሣው ሲወጣ አሸዋው ላይ ከደረቴ የሚደርስ ርዝመት ነበረው።

«ቤት ስንት ናችሁ?» አሉኝ እያለከለኩ። «በዚህ ሙቀት ዛሬውኑ ካልተበላ ይበላሻል።»

«ብቻዬን ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «ብዙ ነን» አለ።

«ግማሹን እርስዎ ይውሰዱ» ብላቸው እምቢ አሉ። «ብዙ ሰው በግማሽ አይጠግብም» ብለው ጋሪ ላይ ጫኑልኝ።

ቤት ገባሁ። ዓሣውን ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አስተኛሁትና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ያለኝ ቢላ የሽንኩርት ነው። ማንን ልጥራ? አንዴ ወጥቼ የጎረቤቴ በር ድረስ ሄድኩ። ስሟን እንደማላውቅ ትዝ ሲለኝ ተመለስኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሬ ተንኳኳ። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ... ደነገጥኩ።

ቤቴን ከባለ ጋሪው ጠይቀው የመጡት ጋሽ ቶማና ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች ናቸው። ወይዘሮ አማረች ትልቅ ቢላ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ይሄን የሚበልት ቢላ አስተማሪ ቤት አይኖርም ብለን ነው» አሉ ጋሽ ቶማ፤ ወይዘሮ አማረች ጨርቁን ፈቱት። ከዚያ ቤቱን አዩት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ።

«ሌሎቹስ?»

«የሉም» አልኩ። «ኖረውም አያውቁም።»

ባልና ሚስት በጋሞኛ ተነጋገሩ። በቃ፣ አልኩ በልቤ። እንዲህ የምትዋሽ ሴት ሌላስ ምን ታደርጋለች ሊሉ ነው። ወይዘሮ አማረች ግን ቢላውን መልሰው ጠቀለሉት።

«ብዙ ሰው እኛ ቤት አለ። ተነሺ።»

ዓሣውን ተሸክመን ሄድን። ልጆቻቸው፣ ምራታቸው፣ የጋሽ ቶማ ወንድም... ቤቱ ሙሉ ነው። ዓሣው በሚጥሚጣ ተቀቀለ፤ የሽፈራው ዛፍ ቅጠል እንደ ጎመን ተሠርቶ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ቀረበ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ወይዘሮ አማረች ተነስተው በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ። ሁሉም እኔን አየኝ።

ያኔ ገባኝ። ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት ካሸገው ቆይቷል። ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መጸለይም ያሳስራል።

«ከፈለግሽ ውጪ መጠበቅ ትችያለሽ» አሉ ጋሽ ቶማ ቀስ ብለው። «ከፈለግሽም ተቀመጪ።»

«እቀመጣለሁ።»

ጋሽ ቶማ በጋሞኛ፣ በሹክሹክታ ጸለዩ። ከሁሉ መሃል የለየኋት ቃል «አስተማሪ» የምትለዋን ብቻ ነው። መጸለይ አልቻልኩም፤ አንድ በአንድ ፊታቸውን ነበር የማየው።

በዓመቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም፤ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩም አላውቅም።

ብቻ ሰው ሁሉ በሚፈራኝ በዚያ ዓመት፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው እኔ ፊት ለጸሎት ዓይኑን ጨፈነ።