አንድ ሰው ቀረ

ዛሬ አጎቴን ልጁ መጥታ ልትወስደው ነው፤ የሚጽፍበት ኪቦርድ ደግሞ እምቢ ብሏል። እኔ እንደሆንኩ ከጠዋት ጀምሮ አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ ጠረጴዛው ጋ ስል መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነልኝም።

አጎቴን መናኸሪያው ውስጥ ሁሉም “ማይኩ” ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳፋሪ ሲጠራ ኖረ። አውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ሳይኖር እንኳ “አንድ ሰው ቀረ! አንድ ሰው ብቻ ቀረ!” ይላል፤ ሰዉም እያወቀ ይሮጥለታል። ሲሞላ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ጧ ጧ ያደርግና “ሙሉ ነው፣ ሳበው!” ይላል። ስንቱን አሳፍሮ እሱ አንድም ቀን ተሳፍሮ የትም አልሄደም። ወላጆቼ ሲሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። እስከ ዛሬም አንድ ቤት ነን፤ እኔ በዚህ ጥግ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሱ በዚያ ጥግ ይጮኻል። ይጮህ ነበር ማለቴ ነው። ጉሮሮውን ታሞ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ ግን ሄደ።

እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶ አይሆነውም፤ የስልክ ፊደል ደግሞ ለዚያ ጣቱ ያንሳል። ስለዚህ ላፕቶፕ ገዛሁለት። በአንድ ጣት እየለቀመ ይጽፋል፣ ፊደሉን አተልቀን እናነባለን። ልጁ ያለችበት ከተማ ጉሮሮ ላይ መሣሪያ ገጥሞ ድምፅ የሚመልስ ሐኪም ተገኝቷል። ክትትሉ ግን ረጅም ነው፤ ከሄደ እዚያው መክረሙ ነው። “እሺም ይበል እምቢ፣ ከራሱ ነው መስማት የምፈልገው” አለችኝ በስልክ። “አንቺ እንደሁ እንደተመቸሽ ነው የምትተረጉሚው።” እውነቷን ነው። ራሱን ነቀነቀ ተብሎ ደግሞ እሺ አለ አይባልም፤ እሱ ለሁሉም ይነቀንቃል፣ በስህተት ለደወለ ሰው እንኳ ስልኩን ይዞ ይነቀንቃል።

ኧረ ምን ይሻለኛል! ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ያው ነው። ዘቅዝቄ ጀርባውን ቸብ ቸብ ሳደርገው የብስኩት ፍርፋሪና ስፈልገው የከረምኩት የደንበኛ ሸሚዝ ቁልፍ ወደቁ። “እሰይ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ ተገኘ!” አልኩ፤ የሳቀልኝ የለም። በብሩሽ ጠረግሁት። ቋንቋው ተቀይሮ ይሆን ብዬ መላልሼ ቀያየርኩ፤ በየትኛውም ቋንቋ ጭጭ። ሌላ ኪቦርድ ልዋስ ፊት ለፊታችን ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ፤ ዝግ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ኪቦርድ አወጣሁለት፤ ቀስቷ በሚንቀጠቀጠው እጁ እንደ ዝንብ እየበረረች አንድ ፊደል ላይ አላርፍ አለች።

ስልኬ ጮኸ። “ደርሻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ” አለች ልጁ።

“ጋሼ፣ ምነው ትንሽ እንኳ ብትጨነቅ?” አልኩት። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጉልበቱ ግን ከጠረጴዛው ሥር ሳያቋርጥ ይዘላል።

ባለፈው ወር አጎቴ ላፕቶፑ ላይ ሻይ ደፍቶ ጠጋኙ ኪቦርዱን ሲቀይር ሁለታችንም አጠገቡ ተቀምጠን ነበር፤ አጎቴማ ዓይኑን አልነቀለም። ጠጋኙ ደግሞ ግዴለሽ ነው፣ ክዳኑን በሁለት ብሎን ብቻ አስሮ ነው የመለሰልን። እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ የስፌት መኪናዬን ትንሿን ካቻቪቴ አመጣሁና ላፕቶፑን ገለበጥኩት። አንዱ ብሎን ላልቷል፤ አንዱ ጭራሽ የለም። ክዳኑን ሳነሳ፣ ኪቦርዱን ከውስጥ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ ከቦታው ወጥቶ ተጋድሟል። በራሱ ወጣ እንዳልል፣ ገመዱን ነክሳ የምትይዘው ጥቁሯ ማቀፊያ ወደ ላይ ተነስታለች፤ እሷ ደግሞ ሰው ካላነሳት አትነሳም። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን።

“ብሎኑስ የታል?” አልኩት።

መዳፉን ዘረጋ። ብሎኗ በላብ ርሳ እዚያ ተቀምጣለች።

“እኔ እዚህ ስንቆራጠጥ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? ድምፅህን አትፈልግም? በዚያ እጅህ ይሄን ለመፍታት ስንት ለፋህ? ኧረ በሕግ አምላክ!” ጣሪያውን ማየቱን ተወና ወለሉን ማየት ጀመረ። እየተነጫነጭኩ ገመዱን መለስኩ፣ ማቀፊያዋን ጫንኳት፣ ክዳኑን እንዲሁ ጣል አደረግሁበት። ላፕቶፑ ሲበራና በሩ ሲንኳኳ እኩል ሆነ።

ልጁ ገብታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና “በል አባዬ፣ ከራስህ ልስማ። እንሄዳለን?” አለችው።

አጎቴ ጣቱን አነሳ። አንድ ፊደል፣ ደግሞ አንድ። እኔ ከኋላው በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። ጽፎ ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ በትልልቁ “አንድ ሰው ቀረ” ይላል።

ልጁ ከት ብላ ሳቀች። “አይ አባዬ! እኔን እንኳ ልትሸውደኝ? ቲኬታችንን ይዣለሁ!” እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጣቱን ከኪቦርዱ አነሳና ወደ እኔ ቀሰረ፤ ቀስሮም አላወረደውም።

ለካ እሺ ቢል እኔን ጥሎኝ ሊሄድ ነው፣ እምቢ ቢል ልጁን ሊያስቀይም ነው፤ ሁለቱም አልሆንለት ሲል ነው የገዛ ምላሱን የነቀለው። ልጁም ሳቋን አቋረጠች። “አንቺስ ለምን አትመጪም?” አለችኝ ቀስ ብላ። የስፌት መኪናዬን አየሁ፣ የተደረደረውን የደንበኞቼን ልብስ አየሁ። አትሂድብኝ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ጠረጴዛውን በመዳፌ ሁለቴ ጧ ጧ አደረግሁት።

“ሙሉ ነው!” አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ሞከርኩ። “ጋሼ፣ ሙሉ ነው፣ ሳበው!”

ራሱን አልነቀነቀም። ወደ ኪቦርዱ ዞሮ ይለቅም ጀመር፤ እኛም እንባችንን እየጠረግን ጠበቅን።

“አጠራርሽ አይረባም። ድምፄን ይዤ ስመለስ አስተምርሻለሁ።”

ብሎኗን ከመዳፉ ወስጄ ክዳኑን አጥብቄ አሰርኩት።