የሚኒባሴ ሬዲዮ ጥፋት የለበትም!

«ሾፌር፣ እባክህ ሬዲዮ ክፈትልኝ! ሴት ልጄ አሁን ልትናገር ነው!»

ዛሬ ጠዋት ከቢቸና ወደ ሞጣ ስነዳ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ናቸው ይህን ያሉኝ። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ በሜዳሊያ ተመርቃ በሬዲዮ ልትቀርብ ነው።

ከፈትኩት። ጢዝዝዝዝ! ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። (ስፒከሩን ሁለቴ ቀይሬዋለሁ፤ አትሳቁብኝ።)

የእናትየዋ ዓይን እንባ ሞላ። ጋቢና የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ግን ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡና፣ «ነዳጅ ስትሰጠው ጩኸቱ ከፍ ይላል፤ ስትለቀው ዝቅ። ይኼ ከሞተሩ ነው የሚመጣው። እስቲ ሞተሩን አጥፋው» አሉኝ።

ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ ዳር ይዤ አጠፋሁት። ጩኸቱ እልም! የልጅቷ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ለዚህ ያበቃችኝ እናቴ ናት። እየሰማችኝ ይሆን?»

እናትየዋ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ «ሰምቼሻለሁ ልጄ!» ሲሉ መኪናው ሙሉ እልልታ ሆነ። ንግግሯ እስኪያልቅ «እንሂድ» ያለ አንድ ተሳፋሪ የለም።

ሞጣ ስደርስ ኤሌክትሪሺያኑ ሬዲዮውን ፈታው። ማሳ የምንለው፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው ሽቦ ላልቷል፤ የሞተሩ ጩኸት ሬዲዮው ውስጥ የሚገባው ለካ በዚህ ምክንያት ነበር። አንዲት ብሎን አጠበቀ፣ አለቀ!

እናንተስ ያለጥፋቱ ስትወቅሱት የኖራችሁት ዕቃ አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር!